የስኳር ሕመምን ለመከታተል፦ የጣት ደም ወይስ ሽንት?

ከኮምቦልቻ ደሴ ለክትትል የሚመላለሱ የስኳር ሕሙማን ጣትን ከመወጋት ይልቅ ሽንትን መለካት አይሻልም ወይ ብለው ደጋግመው ይጠይቃሉ።

በወጪ ረገድ ሽንት ይቀላል፤ መመርመሪያ ወረቀቱ መርፌም ባትሪም አይፈልግም። የደም መለኪያው ግን አንዴ ቢገዛም የደም ጠብታ የሚነካበት መመርመሪያው (ስትሪፑ) በየጊዜው ያስወጣል።

በትክክለኛነት ሁለቱ አይተካከሉም። የአብዛኛው ሰው ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት የሚለቀው በደም ውስጥ ያለው መጠን 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ሲያልፍ ነው። በባዶ ሆድ በተደጋጋሚ 126 እና ከዚያ በላይ መገኘቱ የስኳር በሽታ መለያ በመሆኑ፣ 150 የደረሰ ሰው ታሞ ሳለ ሽንቱ ከስኳር ነጻ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ የስኳር ማነስ ነው፤ ኢንሱሊን ወስዶ የሚያልበውንና የሚንቀጠቀጠውን ሰው የሽንት ወረቀት ፈጽሞ አያስጠነቅቀውም።

ስለዚህ ኢንሱሊን ለሚወስድ፣ ለነፍሰ ጡር፣ በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ሐኪሙን አማክሮ ለሚጾም ሰው የደም መለኪያ ይስማማዋል። ሽንት የሚጠቅመው ስኳሩ በጣም ከፍ ብሎ ማስመለስና የሆድ ሕመም ሲከተል ኪቶንን (ሰውነት ስኳርን መጠቀም ሲያቅተው ስብ አቃጥሎ የሚያመነጨውን አሲድ) ለማየት፣ እንዲሁም ኩላሊት መጎዳቱን በፕሮቲን ለማወቅ በየዓመቱ ሲመረመር ነው።