«ሁለቱ ማማዎች»፦ መሃል ላይ አንጠልጥሎ የሚተው መጽሐፍ
የእንግሊዛዊው ደራሲ የቶልኪን ልብ ወለድ «የቀለበቶች ጌታ» ሁለተኛ ክፍል ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ ድረስ በጓደኛ እጅ ሲመጣልኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ያነበብኩት ግን እየተናደድኩ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የመጀመሪያው ክፍል የሚያልቀው ፍሮዶና አገልጋዩ ሳም ክፉውን ቀለበት ሊያጠፉ ከጓዶቻቸው ተነጥለው ወደ ጠላት ምድር ወደ ሞርዶር ሲያቀኑ ነው። እኔ የእነሱን ነገር ለማወቅ ልቤ ተሰቅሎ፣ መጽሐፉ ግማሹን ስለ ሌሎቹ ያወራል፤ ሁለቱ ብቅ የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው፤ እነሱ ሲመጡ ደግሞ የቀሩት ጓዶች፣ የእነ አራጎርን ታሪክ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለምን እያፈራረቀ አልተረከውም?

ቀለበቱ ድሮ በእጁ የነበረውና አሁን ለሁለቱ መንገድ የሚመራው ጎሉም ያለበትን ምዕራፍ ሁሉ ግን ወድጄዋለሁ። ሳም ይጠረጥረዋል፣ ፍሮዶ ያዝንለታል፣ አንባቢውም መሃል ላይ ይጨነቃል። ይህን ማንም አይነካውም።

መጨረሻውማ ይባስ! (ያላነበባችሁ ይህን ዝለሉት።) ፍሮዶ ኦርኮች (የጠላት ጭራቅ ወታደሮች) እጅ ይወድቃል፣ ሳም ላይ በሩ ይዘጋል፣ አለቀ። ይህ ክፍል የወጣው በኅዳር 1954 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሦስተኛው በጥቅምት 1955። የዚያን ጊዜ አንባቢዎች ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ጠብቀዋል፤ አንጀቴን በሉት።

እርግጥ ደራሲው የጻፈው እንደ አንድ ሥራ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወረቀት ስለተወደደ ነው አሳታሚው ሦስት ቦታ የከፈለው። ቢሆንም ለብቻው የገዛው ሰው ጎዶሎ ታሪክ ነው የሚይዘው።

ሦስተኛው እጃችሁ ካልገባ አትጀምሩት። ማርቆስ ያላችሁ፣ ሦስተኛው ካላችሁ አውሱኝ፤ በንጽሕና እመልሳለሁ።