11 ወር ከቤት ኤስፕሬሶ ማሽን ጋር፦ የድሬዳዋ ውሃና ዘግይቶ የሚበራው መብራት

ማሽኑን የገዛሁት መስከረም ላይ ነው፤ አሁን 11 ወር ሞላው። ባለ 15 ባር ግፊት ፓምፕ፣ አንድ ሊትር ውሃ የሚይዝ፣ የወተት እንፋሎት ያለው፣ ወርዱ ከአንድ ስንዝር የማያልፍ ትንሽ ማሽን ነው። የምርቱን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ የምለው በዚህ ዋጋ የሚሸጡትን አብዛኞቹን ይመለከታልና። መልካቸው ይለያይ እንጂ ሆዳቸው ተመሳሳይ ነው፦ የምትንዘረዘር ትንሽ ፓምፕ፣ ውሃውን በጠባብ መንገድ እያሳለፈ የሚያሞቅ ብረትና ቀጫጭን ቱቦዎች።

ስለ ቡናው ብዙ አልልም፤ ጥሩ ነው። የምንጠቀመው ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ የደረቀ የሐረር ቡና ነው፤ ሳያር ሲቆላ ያ የፍራፍሬ ሽታው በኤስፕሬሶም ይወጣል። የማልወድለት ነገር አለ። ፓምፑ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ከላይ ያለው የሲኒ ማሞቂያም ጌጥ ነው፤ ድሬ ላይ ሲኒ ከመደርደሪያው ሲነሳ ራሱ ሞቋል።

ዋናው ጉዳይ የጀመረው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነው። መጀመሪያ የተለወጠው ድምፁ ነበር። ድሮ እኩል ይንዘረዘር የነበረው ያቃስት ጀመር፣ እንደሚያስል ሰው እየቆረጠ። ድምፁን ናቅኩት። ሳምንት ሳይሞላ ቡናው ኮመጠጠ፣ ለብ ያለም ሆነ። ጥፋቱን የጣልኩት እናቴ ላይ ነው፤ ቡናውን የምትቆላው እሷ ናት።

«እማዬ፣ የዛሬው ቡና አልበሰለም መሰለኝ፤ ይኮመጥጣል።»

«ማሽንህን ጠይቀው። የኔ ጀበና ላይ አልኮመጠጠም።»

ከአንድ ቁላ የተቀዳ ቡና በጀበና ጥሩ ሆኖ በማሽን ከኮመጠጠ ጥፋቱ የቡናው አይደለም። እኔ ግን እልኸኛ ነኝና አፈጫጩን ሻካራ አደረግኩት። ውሃው ፈጠን አለ፣ ቡናው ቀጠነ፣ ኩምጣጤው ባሰበት። እንፋሎቱም ደከመ፤ የአንድ ማኪያቶ ወተት ለማሞቅ ከበፊቱ እጥፍ ጊዜ መቆም ግድ ሆነ። ጥር ላይ ለአንድ ጠጋኝ ወሰድኩት። ክዳኑን እንኳ ሳይፈታ «ፓምፑ ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ማሽኔን አቅፌ ወደ ቤቴ።

መልሱን ያገኘሁት እዚሁ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር ካለ አንድ ባሬስታ ነው፣ ማኪያቶ ልጠጣ ገብቼ ስማረርለት። ስለ ቡናው አንድም ነገር አልጠየቀኝም። «አቦ፣ ምን ውሃ ነው የምታጠጣው? ያለ ቡና ለቀኸው አይተሃል?» አለኝ። የእነሱ ትልቅ ማሽን ሥር ውሃ ማለስለሻ አለ፤ በየጊዜው ጨው እየጨመሩ ያጥቡታል። እኔ የቧንቧ ውሃ በቀጥታ ነበር የምሞላው።

ድሬዳዋ የምትጠጣው ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ነው። በኖራ ድንጋይ መሀል አልፎ ስለሚመጣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ተሸክሟል፤ ከተማዋን የሲሚንቶ ፋብሪካ ባለቤት ያደረጋትም ይኸው ድንጋይ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ እያለ ምንም አይታይበትም። ሲሞቅ ግን የሟሟው ካልሲየም ባይካርቦኔት ይፈርሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይተናል፣ ካልሲየም ካርቦኔቱ ደግሞ የሚሞቀው ብረት ላይ ይጋገራል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሻወር ወንፊት በመርፌ እየወጋን ነው ያደግነው። ማንቆርቆሪያ ግን አፉ ሰፊ ስለሆነ ይታያል፣ ይፋቃል። የማሽኑ መንገድ ከእስክሪብቶ ቀፎ የሚጠብ ነው። ስስ ኖራ ሲለብስ ውሃው ይቀንሳል፣ ፓምፑ ይታገላል። ኖራ ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍም ብረቱ ግሎ ማሽኑ «ዝግጁ ነኝ» ሲል ውሃው ገና ነው። የቡናዬ ኩምጣጤ ከዚያ የመጣ ነበር።

የባሬስታው ፈተና እንዲህ ነው። የቡናውን መያዣ ታወጣለህ፣ ከሥር መለኪያ ኩባያ ታስቀምጣለህ፣ 30 ሰከንድ ትለቃለህ። ደግነቱ ማሽኑ አዲስ እያለ የለካሁት ነበር፤ ያኔ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ወርዷል። በዚያ ቀን 120 ብቻ ወረደ፣ እሱም ወደ አንድ ጎን ተጣሞ። ያለ ቡና ውሃው እንደ ድሮው ወርዶ ቡና ሲገባበት ብቻ የሚያንቅ ከሆነ ችግሩ አፈጫጩ ነው። ያለ ቡናም ካነሰ መንገዱ ተዘግቷል።

ሁለት ነገሮች ግን ያሳስታሉ። አንደኛው የቡና ዘይት ነው፤ ውሃ የሚረጨው ወንፊት ላይ ጠቁሮ ከተጋገረ ውሃው እንደዚሁ ያንሳል። እሱን አሲድ አያወጣውም። ወንፊቱን ፈትቶ በሙቅ ውሃና በሳሙና መቦረሽ ነው፣ ከዚያ እንደገና መለካት። ሁለተኛው መብራት ኃይል ነው። ማታ ማታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቬንትሌተርና ኤሲ ሲከፍት ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ያኔ ፓምፑም ይደክማል፣ ማሞቂያውም ይዘገያል። እኔ አንድ ቀን ማታ ለክቼ ደንግጬ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት 40 ሚሊ ሊትር ጨምሮ አገኘሁት። ስለዚህ ሁልጊዜ በጠዋት፣ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ። የእንፋሎቱ ጫፍ ደግሞ በደረቀ ወተትም ሊደፈን ይችላል፤ ቀዳዳውን በመርፌ ሞክሩና ከዚያ በኋላ ኖራን ክሰሱ።

አሁን ወደ መብራቱ። ማሽኑ «ኖራ አጽዳ» የሚል ብርቱካናማ መብራት አለው፤ ስገዛውም ተማምኜ የነበረው በእሱ ነው። የበራው መቼ መሰላችሁ? የካቲት መጨረሻ ላይ፤ እኔ ራሴ ጥር ላይ ካጸዳሁት ከወር በላይ ቆይቶ! መብራቱ ኖራ አያይም። በማሽኑ ውስጥ ስንት ውሃ እንዳለፈ ይቆጥርና በተነገረው የውሃ ጥንካሬ፣ ማለትም ውሃው በተሸከመው ኖራ ልክ ያስባል። የእኔው ከፋብሪካ የመጣው «መካከለኛ» ላይ ተሞልቶ ነው፣ የእኛ ውሃ ደግሞ መካከለኛ አይደለም። መመሪያው ላይ መቀየሪያው አለ፤ «ጠንካራ» ላይ አድርጉት። ለካርቶኑ ስትል መመሪያውን ያስቀመጠችልኝን ታናሽ እህቴን አመሰግናለሁ።

ያጸዳሁት በሲትሪክ አሲድ ዱቄት ነው፦ ለአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ 25 ግራም ያህል፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ግድም። ግማሹን በቡና በኩል፣ ጥቂቱን በእንፋሎት ቱቦ ካሳለፍኩ በኋላ አጥፍቼ 15 ደቂቃ ጠበቅኩ፤ ከዚያ የቀረውን ለቀቅኩ። መጀመሪያ የወጣው ውሃ ደፍርሶ ነጭ ቅንጣት ይዞ ወረደ። አንድ ጠብታ የኩሽናችን ሲሚንቶ ላይ ወድቃ አረፋ ስትደፍቅ ሳይ በውስጡ ምን እየሆነ እንዳለ ገባኝ፤ ዘመዱን ነው ያገኘው። ከዚያ ሁለት ሙሉ ታንከር ንጹሕ ውሃ አሳልፌ ለካሁ፦ 190። ጠጋኙ የገደለው ፓምፕ እስከ ዛሬ ይሠራል።

አቼቶ የሚመክሩ አሉ። ይሠራል፣ ግን ሽታው ለቀናት አይለቅም፤ ከጎማ ማሸጊያዎቹ ጋርም አይስማማም። ሎሚ መጭመቅም አልወደድኩትም፤ ሥጋው ራሱ ቱቦ ይዘጋል። አሲዱን ሌሊቱን ሙሉ ውስጥ አትተዉት፣ የብዙዎቹ ማሞቂያ አልሙኒየም ነው። በረኪና ደግሞ በፍጹም አጠገቡ አይድረስ፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ውሃውን በተመለከተ ሁለት ነገር ሞክሬያለሁ። ሁለት ሳምንት በታሸገ ውሃ ብቻ ሠራሁ፤ ማሽኑ ተመቸው፣ ኪሴ አልተመቸውም። አሁን እናቴ ለሻይ የምታደርገውን ነው የማደርገው፦ ማታ ውሃውን በደንብ አፍልቼ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት የሰከነውን ከላይ ቀስ ብዬ እቀዳለሁ። ከኖራው ብዙው ማንቆርቆሪያው ሥር ይቀራል፣ ሁሉም ግን አይደለም። በፊት በየስድስት ሳምንቱ ነበር ማጽዳት የሚያስፈልገኝ፤ እንዲህ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ለመጨረሻ ጊዜ ከተጸዳ ሦስተኛ ወሩን ይዟል።

ድሬ ሆኖ ይህን ዓይነት ማሽን ልግዛ የሚል ካለ ይግዛ፤ ግን መጀመሪያ ቀን ቡና ከማፍላቱ በፊት ያለ ቡና ለቅቆ ይለካ፣ ቁጥሩንም ይጻፈው። እኔ ፕላስተር ቆርጬ ማሽኑ ጎን ላይ ለጥፌ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ጠዋት እጽፋለሁ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ቁጥሮች 190፣ 185፣ 170 ናቸው። ብርቱካናማው መብራት አልበራም። ሲትሪክ አሲዱን ግን ከመደርደሪያው አውርጄዋለሁ።