ኮርኒሳችሁ ውስጥ ብርቱካናማ ቧንቧ ካለ ያለ ፐርሚት (የግንባታ ፈቃድ) ማንንም አታስነኩ

ይህን የምጽፈው ሜሪላንድ ውስጥ ታውንሃውስ ለገዛችሁና ቤዝመንት ለማሠራት ለምታስቡ ወገኖቼ ነው። ብርቱካናማው ቧንቧ እሳት ሲነሳ ከኮርኒሱ ውሃ የሚረጨው የስፕሪንክለር ቧንቧ ነው። እኔ ላይ የደረሰው እናንተ ላይ እንዳይደርስ።

ባለፈው ዓመት ለቤዝመንቴ ሦስት ሰው ዋጋ ጠየቅሁ። ሁለቱ 30 ሺህ ዶላር አካባቢ አሉኝ። ሦስተኛው በ19 ሺህ እጨርሳለሁ አለ። «ፐርሚት ምን ያደርግልሃል? ገንዘብህን ነው የሚበላው» አለኝ። የአገር ልጅ ነው፣ አነጋገሩ ደስ ይላል፣ አመንኩት። በአምስት ሳምንት አስረከበኝ። ሥራው ሲታይ ያምር ነበር።

ካስረከበኝ በሰባተኛው ወር ከሥራ ስመለስ፣ በሩን እንደከፈትኩ የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ወደ ታች ሮጥኩ። የኮርኒሱ ጂፕሰም ረጥቦ ወድቋል፣ የልጆቼ አልጋ ላይ ውሃ ይወርዳል። እሳት የለም፣ ጭስ የለም። የተሰነጠቀው የስፕሪንክለሩ ቧንቧ ነው። የቧንቧውን ውሃ መዝጊያ ብፈልግ አጣሁት። ለካ ሰውየው በአዲሱ ግድግዳ ሸፍኖታል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው እስኪዘጉት ድረስ ቆሜ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

በማግስቱ ፈቃድ ያለው የስፕሪንክለር ባለሙያ አስመጣሁ። መሰላል ላይ ወጥቶ ጠራኝና በባትሪ አሳየኝ። ሰውየው አዲስ የዘረጋውን የኢንተርኔት ገመድ በሙሉ ቧንቧው ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍሮታል። ገመዱን ሲያነሳው ከቧንቧው ጋር ትንሽ ተጣብቆ ነበር። ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ተደርድረዋል። አንዱ ነው እስከ ውስጥ የዘለቀው።

ጓደኞቼ «ፕላስቲክ ስለሆነ ነው» አሉኝ። እውነቱ እንደዚያ አይደለም። በእርግጥ ፕላስቲክ ቧንቧ እዚህ አገር መጥፎ ታሪክ አለው። ፖሊቡቲሊን የሚባለው ግራጫ ቧንቧ ውሃው ውስጥ ባለው ክሎሪን እየተበላ ብዙ ቤት አበላሽቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 በፍርድ ቤት ስምምነት አምራቾቹ ወደ 950 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማምተዋል። ቤታችን ያለው ብርቱካናማው ግን ሲፒቪሲ የሚባል ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። እንደ ብረት አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ በደንቡ ከተገጠመ ጥሩ ይሠራል።

ችግሩ የማይስማሙት ነገሮች መኖራቸው ነው። የለስላሳ ገመድ ልባስ ውስጥ ፕላስቲኩን የሚያለሰልስ ቅባት አለ። ያ ቅባት ወደ ቧንቧው ይገባና ያዳክመዋል። ቧንቧው ደግሞ ሁልጊዜ ውሃ ሞልቶት በግፊት ላይ ነው። ስለዚህ ቀስ እያለ ይሰነጠቃል። የብረት መቁረጫ ዘይት፣ አንዳንድ ማሸጊያ ማስቲሽና የሚረጭ ፎም፣ ቲነር (ማቅጠኛ) የበዛበት ቀለምም እንዲሁ ያደርጉታል። «በረዶ እንዳይመታው ልሙላበት» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ምን እንደሚሞላ ጠይቁ። ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባለው ፀረ በረዶ ፈሳሽ ሲፒቪሲን ይጎዳል። ጉዳቱ የሚታየው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ነው። ሠራተኛው ያኔ ስልክ አያነሳም። የኔው አላነሳም።

ከሁሉ የባሰውን ገና አልነገርኳችሁም። ሰውየው አንዱን የስፕሪንክለር ራስ (ውሃውን የሚረጨውን ጫፍ) ለአዲሱ ክፍል ብሎ አዛውሮት ነበር። ባለሙያው ወደዚያ ራስ የሚወስደውን የቧንቧ መታጠፊያ ቆርጦ እጄ ላይ አስቀመጠው። ውስጡ የተረፈ ሙጫ ደርቆ ቀዳዳውን ከግማሽ በላይ ዘግቶታል። ልጆቼ ከዚያ ራስ ሥር ነው ሰባት ወር የተኙት። እሳት ቢነሳ ኖሮ ውሃው አይደርስላቸውም ነበር። የጠፋው ገንዘብ ያናድደኛል፣ ይህ ግን እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የጠየቀኝ ፐርሚቱን ነው። የለኝም። ሜሪላንድ ቤት የሚያድስ ኮንትራክተር ሥራውን ሲያበላሽ ወይም ሳይጨርስ ሲቀር ባለቤቱን የሚክስ የግዛቱ ፈንድ አላት። የሚክሰው ግን ኮንትራክተሩ የግዛቱ የቤት እድሳት ኮሚሽን ፈቃድ ካለው ብቻ ነው። የኔው ፈቃድ አልነበረውም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የኮሚሽኑን የፈቃድ ቁጥር ጠይቁና ራሳችሁ አጣሩ። የስፕሪንክለር ቧንቧ የሚነካ ሰው ደግሞ ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ እሱን የሚሰጠው የግዛቱ ፋየር ማርሻል ቢሮ ነው። «እኔ ሁሉንም እሠራለሁ» የሚለውን አትስሙ። ጂፕሰሙ ከመገጠሙ በፊት ኢንስፔክተር ይየው፣ እናንተም የቧንቧውን መስመር በሙሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ቤዝመንታችሁ ገና ክፍት ከሆነ ዛሬ ማታ ባትሪ ይዛችሁ ውረዱ። ብርቱካናማው ላይ የተኛ ወይም የታሰረ ገመድ ካለ ባለሙያ ጥሩ። መዝጊያው የት እንዳለ ለሚስት፣ ለባል፣ ለትልቁ ልጅም አሳዩ። ቤዝመንቱ ያለቀለት ቤት ልትገዙ ከሆነ ደግሞ በሰድሩና በመብራቱ አትደነቁ። በሞንትጎመሪ ካውንቲ የቤቱን አድራሻ አስገብታችሁ የወጣ ፐርሚት መኖሩን ኢንተርኔት ላይ ማየት ትችላላችሁ። ከሌለ ሻጩን ኮርኒሱ ውስጥ ማን እንደሠራ ጠይቁት።