ሞጆ ላይ ያገኘኋቸው የመኪና ኤሌትሪሺያን

ሃይሉክሷ፣ የቶዮታ ፒካፗ፣ የአባቴ ነበረች። ሞዴሏ 1996 ነው፣ ናፍጣ፣ 3ኤል ሞተር። ዛሬም ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኜ አዲስ አበባ ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ የማደርሰው በእሷ ነው። ገበያው ሳይሞቅ ለመድረስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እነሳለሁ። በዚያ ሰዓት ከመቂ ወጣ ሲሉ መብራት የሌለው የፈረስ ጋሪ ድንገት ፊት ላይ ድቅን ይላል። በመብራት ቀልድ የማላውቀው ለዚህ ነው።

ክረምቱ ሲገባ መብራቱ ይረብሸኝ ጀመር። ፍሬን ስይዝ ክሩስኮቶ (ከመሪው ፊት ያለው የጌጅ ሰሌዳ) ላይ ያለችው የፍሬቻ ምልክት ደብዘዝ ብላ ትበራለች። የግራ ፍሬቻ ሳሳይ የኋላው ፖዚሽን (ማታ የሚበራው ትንሹ መብራት) አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። ከፊት ደግሞ አጭሩ መብራት የሻማ ያህል ሆነ።

መጀመሪያ የወሰድኩበትን ጋራዥ ስም አልጠራም። ሦስት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። አምፖል ተቀየረ። ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ፍላሸር ተቀየረ። በመጨረሻ መሪው ሥር ያለው የመብራት ማብሪያ ሞቷል ተባልኩና የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ አሮጌ በ7,000 ብር ገዛሁ። እሱም ተገጠመ። ችግሩ ግን እንዳለ ነው። ወደ 11,000 ብር ወጥቶ ፍሬን ስይዝ አሁንም ፍሬቻዋ ትበራለች።

የሞጆውን ባለሙያ የጠቆመኝ አትክልት ተራ አብሮኝ የሚያራግፍ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ቤታቸው ታፔላ የለውም። ወደ ሐዋሳ በሚታጠፈው መንገድ ላይ፣ ከኮንቴይነር የተሠራች ጠባብ ክፍል ናት። ደጇ ላይ አሮጌ ባትሪዎች ተደርድረዋል። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ እኔም አልጽፍም። ዕድሜያቸው ወደ 60 ይጠጋል።

ስደርስ ኮፈኑን ለመክፈት አልተጣደፉም። መጀመሪያ የጠየቁት እኔን ነው።

«ልጄ፣ ከዝናብ በኋላ ይብስበታል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ጭነት ሲኖርስ?»

«ያኔማ ጭራሽ ይጠፋል።»

«እንግዲያው ከኋላ እንጀምር።»

ከዚህ በፊት ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ልቤ ያረፈው ያኔ ነው።

ባትሪውን ለኩ፤ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት። ደህና ነው አሉ። ከዚያ የኋላውን መብራት ከፍተው አንድ ልጅ ፍሬን እንዲረግጥ አደረጉ። የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከመብራቱ ኔጌቲቭ ጋር አገናኙ። መስመሩ ጤነኛ ቢሆን ዜሮ ላይ ወይም እዚያው አካባቢ መቅረት ነበረበት። 4 ቮልት አሳየ። ጠሩኝና አሳዩኝ። «ለመብራቱ መድረስ ያለበት ኃይል እዚህ ተይዟል» አሉኝ።

ቀጥለው ረጅም ገመድ ከባትሪው ኔጌቲቭ አውጥተው በቀጥታ መብራቱ ላይ ነኩት። ስቶፑ፣ የፍሬን መብራቱ፣ ቦግ አለ። ፍሬቻው ተስተካከለ። ክሩስኮቶው ላይ ያለችው ምልክትም ጠፋች። ገመዱን ሲያነሱት ሁሉም ወደነበረበት ተመለሰ። ሁለት ወር ያንገላታኝ ነገር በአንድ ገመድ ተለየ።

ምክንያቱን ሲያስረዱኝ የተቃጠለ አምፖል ከመሬት አንስተው ነው። የኋላው አምፖል ውስጥ ሁለት ክር አለ፤ 21 ዋቱ ለስቶፕ፣ 5 ዋቱ ለፖዚሽን። ሁለቱም መመለሻቸው አንድ ነው፤ ኔጌቲቩ። መመለሻው ሲዘጋ ኤሌክትሪኩ ዝም ብሎ አይቆምም። በሌላኛው ክር በኩል ወደ ሌላ መብራት ይሻገራል። ለዚህ ነው ፍሬን ስይዝ የማይመለከታቸው መብራቶች የሚበሩት።

ካሶኒው (ጭነት የሚጫንበት) ሥር ገቡ። የቶዮታ የኔጌቲቭ ገመድ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር አለው። ተከትለውት ሻሲው ላይ የታሰረበት ቡሎን ጋ ደረሱ። ቡሎኑ በዝገትና በጭቃ ተውጧል። ገመዱ ሲነካ ጫፉ እጃቸው ላይ ቀረ፤ ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። የተበላውን ቆርጠው ጣሉ። ሻሲውን ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት። አዲስ ቀለበት ጫፍ በስታኞ በየዱና አስረው ግራሶ ቀቡት። መልሰው ሲለኩት 0.05 ቮልት ነው ያለው።

የፊቱ ሌላ ታሪክ ነበረው። የዚህ ዘመን ሃይሉክስ የፊት መብራት ፖዘቲቩ ቀድሞ አምፖሉ ጋ ይደርሳል። ማብሪያው የሚያገናኘው ኔጌቲቩን ነው። የቀድሞው ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ ነው ማብሪያው ተበላሽቷል ያለው፤ ማብሪያው ደህና ነበር። ችግሩ ኃይሉ በሙሉ በዚያ ቀጭን ያረጀ ገመድ መመላለሱ ነው። ሞተር ተነስቶ ባትሪው ላይ 14 ቮልት እያለ አምፖሉ ጋ የሚደርሰው 10.8 ነበር። ለዚህ ዓይነት አምፖል ቮልቱ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ ወደ 30 በመቶ ይቀንሳል። ሁለት ሪሌ (ከማብሪያው ትእዛዝ ተቀብሎ ኃይሉን በቀጥታ ከባትሪው የሚያሳልፍ ዕቃ) ገጠሙ፤ አንዱን ለአጭር፣ አንዱን ለረጅም። ከባትሪው ወፍራም ገመድ በራሱ ፊውዝ አወጡ። አሁን አምፖሉ ላይ 13.4 ይደርሳል። አምፖሉ ያው የድሮው 60/55 ዋት ነው።

ኤልኢዲ እንዲያስገቡልኝ ጠይቄ ነበር። እምቢ አሉ። የዚህ መኪና ፋኖስ የተሠራው ለክር አምፖል ነው፣ ኤልኢዲ ከገባበት ብርሃኑ ተበትኖ የመጪውን ሾፌር ዓይን ይወጋል አሉኝ። ብሩ ሳያጓጓቸው እምቢ ማለታቸውን ወድጄላቸዋለሁ።

ፊታቸው ሲለወጥ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው። የፊውዝ ሳጥኑን ሲከፍቱ በ15 አምፔር ፊውዝ ቦታ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎ አገኙ። ነቅለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «ይሄን ይዘሽ ነው ሌሊት የምትነጂው?» አሉኝ። ሾርት ቢፈጠር ፊውዝ ራሱ ተቃጥሎ ያድናል። የመዳብ ሽቦ ግን አይበጠስም፤ የሚነደው ገመዱ ነው፣ ከዚያ መኪናዋ። ያንን ያደረገው ሰው እኔ ውስጧ እንዳለሁ አላሰበም። እስከዛሬ ያናድደኛል።

የእጅ ዋጋ 2,500 ብር ከፈልኩ። ሪሌ፣ ገመድ፣ ፊውዝና ጫፎቹ 1,900 ብር ፈጁ፤ የገዛሁትም ራሴ ነኝ፣ ምክንያቱም እሳቸው ዕቃ አያስቀምጡም። ይህ ደካማ ጎናቸው ነው፤ ለአንዲት ሪሌ ሥራው ቆሞ ከተማ መመላለስ ግድ ነው። ስልክም አያነሱም። ደረሰኝ የለም። ሥራው ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ወሰደ፤ የቸኮለ ሰው አይመቸውም። ችግሩ ሳይገባቸው ግን አንድ ዕቃ አያስቀይሩም፤ ለእኔ ይኼ ይበልጥብኛል።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ድረሱ፤ ከረፈደ ወረፋው ሌላ ነው። የ10፣ የ15ና የ20 አምፔር ፊውዝ ገዝታችሁ ያዙ። የኔዋ ክላክስ ገና አልተሠራም። ከፋሲካ በኋላ አምጪያት ብለውኛል።