ጨለማ ኃይልን ለማጥናት፦ ዴሲ ወይስ ዩክሊድ?

ጨለማ ኃይል የዩኒቨርስን መስፋፋት ያፋጥናል የሚባል፣ ምንነቱ ገና ያልታወቀ ነገር ነው። ዴሲ (DESI) ከምድር፣ ዩክሊድ (Euclid) ደግሞ ከሕዋ ሆነው ያጠኑታል።

ቦታ
ዴሲ፦ አሪዞና፣ ኪት ፒክ ተራራ ላይ፣ ባለ 4 ሜትር ቴሌስኮፕ።
ዩክሊድ፦ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ፤ መስተዋቱ 1.2 ሜትር ብቻ።

ዘዴ
ዴሲ 5,000 ብርሃን የሚቀበሉ ቀጫጭን የመስታወት ክሮችን በትንንሽ ሮቦቶች ወደ ጋላክሲዎች ያነጣጥራል፤ ብርሃናቸው ምን ያህል ወደ ቀይ እንዳጋደለ ለክቶ ርቀታቸውን ያሰላል።
ዩክሊድ የጋላክሲዎችን ቅርጽ ጥርት አድርጎ ያነሳል። በመካከል ያለው ጨለማ ቁስ (የማይታይ፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ቁስ) ብርሃኑን ስለሚያጎብጠው ቅርጹ በጥቂቱ ይዛባል። በአንድ ጋላክሲ ላይ መዛባቱ አይለይም፤ የሚታወቀው በብዙ ሚሊዮኖች አማካይ ነው።

ስጋት
ዴሲን ደመና ያቆመዋል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ሰደድ እሳትም ሥራውን አቋርጦበታል። ሲበላሽ ግን ባለሙያ እዚያው ይጠግነዋል።
ዩክሊድ ጋ ማንም አይደርስም። በ2024 እ.ኤ.አ. ስስ በረዶ እይታውን ሲያደበዝዝበት፣ አንዱን መስተዋት ከ−147 ወደ −113 ዲግሪ ሴልሺየስ በማሞቅ ብቻ ብርሃኑ ተመለሰ። ድንቅ ሥራ ነው!

ለማን?
ጨለማ ኃይል በጊዜ ሂደት ይለወጣል ወይ ለሚል ዴሲ ይሻላል፤ እየደከመ እንደሆነ የሚጠቁሙ ውጤቶቹ ገና ማረጋገጫ ይሻሉ። ጨለማ ቁስ የት እንደተከማቸ ለሚጠይቅ ዩክሊድ።