ለሠራተኞቻችን የገዛነው የሥነ ምግባርና የሕግ ተገዢነት አገልግሎት፦ የረካንበትና ያልረካንበት

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ የግንባታ ዕቃ እያስመጣ በሚያከፋፍል አክሲዮን ማኅበር ነው። ባለፈው ዓመት የሥራ አመራር ቦርዳችን የሠራተኛውን ሥነ ምግባርና የሕግ ተገዢነት የሚያጠናክር አገልግሎት ከውጭ እንዲገዛ ሲወስን፣ አገልግሎቱን መርጦ እንዲዋዋልና አፈጻጸሙን እንዲከታተል በተቋቋመው ኮሚቴ ውስጥ አባል ነበርኩ። የገዛነው ጥቅል ሦስት ነገሮችን የያዘ ነው፦ የሁለት ቀን ሥልጠና፣ በጽሑፍ የተዘጋጀ የሥነ ምግባር ደንብ፣ እንዲሁም ሠራተኛው ስሙን ሳይገልጽ ጥፋት የሚጠቁምበት የስልክና የኢሜይል መስመር። አገልግሎት ሰጪውን በስም አልጠራውም። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ጥቅል ለመግዛት የሚያስቡ ድርጅቶች ውል ከመፈረማቸው በፊት የትኛውን አንቀጽ ደጋግመው ማንበብ እንዳለባቸው ለመጠቆም ነው።

ከጠበቅነው በላይ ሆኖ ያገኘነው ሥልጠናው ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሻይ ዕረፍት እንደተመለስን አሠልጣኟ ምንም ሳትናገር ለየጠረጴዛው ሦስት ሦስት ፕሮፎርማ አደለች። ሦስቱም የተለያየ የድርጅት ስም፣ የተለያየ ማኅተምና የተለያየ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነበራቸው፤ ዋጋቸውም ይለያያል። የትኛውን እንደምንመርጥ ስትጠይቅ የግዥ ክፍል ባልደረቦቻችን ወዲያው ዝቅተኛውን አነሱ። ጥቂት ቆይቶ ግን ከፋይናንስ ክፍል የመጣች አንዲት ባልደረባችን፣ ቆርቆሮ የሚለው ቃል በሦስቱም ወረቀቶች ላይ «ቆርቆር» ተብሎ መጻፉን፣ የሰባት ቁጥርም በሦስቱም ላይ በአንድ ዓይነት ሰረዝ መሐሉ መቆረጡን አሳየችን። በአገራችን ግዥ ላይ የሠራ ሰው ይህን ጨዋታ አይስተውም፤ አንዱ ነጋዴ የጎረቤቶቹን ማኅተም ተውሶ፣ ለውድድር ተብሎ የተደነገገውን ሥርዓት በአንድ ከሰዓት ብቻውን ይፈጽመዋል። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበረው ዝምታም የብዙዎቻችን ትዝታ መነካቱን የሚናገር ነበር።

የሕጉ ክፍል የቀረበውም በዚሁ መንገድ ነው። ከመካከላችን አብዛኞቹ የሙስና ወንጀል የመንግሥት ሠራተኛን ብቻ የሚመለከት ይመስላቸው ነበር። አሠልጣኟ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007ን ገልጣ፣ ሕጉ «ሕዝባዊ ድርጅት» የሚለውን፣ ማለትም ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድርን የግል ዘርፍ ድርጅት እንደሚጨምር፣ ዕድርን የመሳሰሉ ማኅበራትን ግን እንደማይነካ አስረዳችን። በዚህ ትርጉም መሠረት፣ ብዙ ባለአክሲዮኖች ገንዘባቸውን ያዋጡበት የእኛ ኩባንያ የግዥ ሠራተኛ ከአቅራቢ የሚቀበለው «የሻይ» በወንጀል ሊያስጠይቀው እንደሚችል ሲሰማ፣ እስከዚያ ድረስ ስልኩን ሲነካካ የቆየው ሁሉ ቀና አለ።

ከሁሉ ይልቅ የማስታውሰው ግን የመጋዘን ኃላፊያችን ያነሡት ጥያቄ ነው። በዕድሜ የገፉና የተከበሩ ሰው ናቸው። «እንግዲህ ልጄ፣ ለዓመት በዓል ደጄ ድረስ የመጣን በግ ብመልስ ነውር አይሆንም?» አሏት። እሷም ሕግ አልጠቀሰችላቸውም። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ቢወጡ ሰውዬው በጉን ይልክልዎታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ሳቅ አሉና «የት አባቱ!» ብለው ተቀመጡ። ስለ ጥቅም ግጭት ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ሰምቼ አላውቅም።

ሥልጠናው ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ ትንኮሳ የተፈጸመበት ሠራተኛም ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን የሚያህል ጉዳይ በሁለተኛው ቀን ማብቂያ ላይ፣ ሰው ወደ ሰርቪስ መኪናው በሚቻኮልበት ሰዓት፣ በግማሽ ሰዓት ተጠቅልሎ አለፈ። የበላይ ኃላፊዎቻችንም የመክፈቻ ንግግር አድርገውና ፎቶግራፍ ተነሥተው ወጡ። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ ሆኖም አገልግሎት ሰጪው መገኘታቸውን በውሉ ውስጥ ግዴታ ሊያደርገው ይችል ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል የተተረተው ለሹሙ ሆኖ ሳለ፣ በአዳራሹ ተቀምጠን ስንመከር የዋልነው ሾፌሮች፣ ዕቃ ግምጃ ቤቶችና ጸሐፊዎች ነበርን።

የጽሑፍ ደንቡን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ከውጭ ድርጅት ደንብ ቃል በቃል እንደተተረጎመ ከመጀመሪያው ገጽ ያስታውቃል፤ የስጦታን ጣሪያ 50 የአሜሪካ ዶላር ብሎ ሲወስን የበጉ ዋጋ በየትኛው ምንዛሪ እንደሚሰላ እንኳ አይናገርም። መልሰን በራሳችን አማርኛ ጻፍነው፤ ሦስት ሳምንት ፈጀብን።

ጥቅሉን ከሁሉ በላይ ያጓደለው የጥቆማ መስመሩ ነው፤ ለእኔም የአገልግሎቱ እምብርት እሱ ነበር። የማጭበርበር ድርጊቶችን የሚያጠናው ዓለም አቀፍ የመርማሪዎች ማኅበር በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ከተደረሰባቸው ድርጊቶች 43 ከመቶ ያህሉ የታወቁት በጥቆማ ሲሆን፣ ከጥቆማዎቹም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከራሳቸው ከድርጅቶቹ ሠራተኞች የመጡ ናቸው። ስለዚህ ሠራተኛው መስመሩን ካላመነው የቀረው ሁሉ ድካም ብቻ ይሆናል። መስመሩ በተከፈተ በሁለተኛው ወር ለሙከራ ብለን፣ በመጋዘን ከምትሠራ አንዲት ባልደረባችን ጋር ተስማምተን፣ ዕቃ በጎደለ መጠን እየተረከቡ ሙሉ አድርገው የሚመዘግቡ አሉ የሚል የፈጠራ ጥቆማ በስልክ እንድታደርስ አደረግን። ስሟን አልጠየቋትም፤ ያነጋገራት ሰውም ትሑት ነበር። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ለአመራሩ የደረሰው ሪፖርት ግን «ከመጋዘን ክፍል የምትሠራ ሴት ሠራተኛ እንደጠቆመችው» ብሎ ይጀምራል። በመጋዘናችን የሚሠሩት ሴቶች ሁለት ብቻ ናቸው።

ጉዳዩን ስናነሣ ያገኘነው መልስ ስም ስላልተጠቀሰ ምስጢሩ እንደተጠበቀ የሚቆጠር መሆኑን የሚገልጽ ነበር። በአገራችን የወንጀል ጠቋሚዎችንና ምስክሮችን የሚጠብቅ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 699/2003 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ አገልግሎት ሰጪው በማስታወቂያው የሚጠቅሰው አይኤስኦ 37001 የተባለው የፀረ ጉቦ ደረጃም ድርጅቶች የጠቋሚን ማንነት እንዲጠብቁና ጠቋሚውን ከበቀል እንዲከላከሉ ይጠይቃል። ይህን ደረጃ በማስታወቂያው ላይ የሚያወጣ ተቋም የስም አለመጠቀስን ከማንነት አለመታወቅ ለይቶ ማወቅ ነበረበት። ሪፖርቱ በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ መላኩም ሌላው ችግር ነው፤ ጥቆማው በራሳቸው በሥራ አስኪያጁ ላይ ቢሆንስ ኖሮ ማን ያነበው ነበር?

ውሉ የሚያበቃው በሐምሌ ወር ነው። ኮሚቴያችን ለቦርዱ ያቀረበው ሐሳብ ሥልጠናው በዚያችው አሠልጣኝ እንዲታደስ፣ ለአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ግማሽ ቀን እንዲመደብለት፣ የክፍል ኃላፊዎች ሁለቱንም ቀን ተገኝተው እንዲፈርሙ የሚል ነው። ደንቡ በእጃችን ስላለ ዳግመኛ አንከፍልበትም። የጥቆማ መስመሩን ግን የምናድሰው፣ ማንኛውም ሪፖርት የጠቋሚውን ጾታ፣ ክፍልና የሥራ መደብ ሳይዝ በቀጥታ ለቦርዱ የኦዲት ኮሚቴ ሰብሳቢ ብቻ እንዲደርስ በውሉ ከተጻፈ ነው። አገልግሎት ሰጪው ስለ ሥልጠናውና ስለ ደንቡ ያልነውን ተቀብሏል፤ በጥቆማ መስመሩ ላይ ግን እስካሁን መልስ አልሰጠንም።