አርኤንኤዝ እና ዲኤንኤዝ ለምትገዙ፦ ዱቄቱ የት ያዋጣል፣ የት ያከስራል?

የግዥ መጠየቂያ የሚሞላበት ሰሞን ሲደርስ ከሐረርም ከድሬዳዋም ስልኬ አያርፍም። «ጋሼ፣ አርኤንኤዝ ኤ ዱቄቱን ልዘዝ ወይስ የተዘጋጀውን ፈሳሽ?» ቀጥሎ ደግሞ «ዲኤንኤዝ ዋንስ ርካሹ አይበቃም?» ለእያንዳንዱ ከምደጋግም እዚህ ልጻፈው። አርኤንኤዝ ኤ አርኤንኤን፣ ዲኤንኤዝ ዋን ደግሞ ዲኤንኤን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ናቸው፤ አንዱን ለይተን ስናወጣ ሌላውን ከናሙናው ለማጥፋት እንጠቀምባቸዋለን። አርኤንኤዝ ኤ ከሆነ ያለ ጥርጥር ዱቄቱን ግዙ። ዲኤንኤዝ ዋን ከሆነ ግን ርካሹን ዱቄት አትንኩት፤ ከአርኤንኤዝ ነፃ የሆነውን ውዱን ግዙ። ልዩነቱን የፈጠረው የነጋዴ ፍላጎት ሳይሆን ኢንዛይሞቹ ራሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ የአርኤንኤዝ ኤ ዋጋ። 100 ሚሊግራም ዱቄት በ10 ሚሊ ሊትር ሲሟሟ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም ያለበት ክምችት ይወጣዋል። ከማሽላ ወይም ከቡና ቅጠል ዲኤንኤ ስታወጡ ለ500 ማይክሮሊትር ናሙና ከዚህ 1 ማይክሮሊትር ጨምሩ፤ በሚሊ ሊትር 20 ማይክሮግራም ነው፣ ይበቃል። አንዷ ጠርሙስ ለ10,000 ናሙና ሆነች ማለት ነው። ያው ጥንካሬ ያለው ፈሳሽ በ1 ሚሊ ሊትር ቲዩብ ሲመጣ ለ1,000 ናሙና ነው። ፕሮፎርማው ላይ ሁለቱ እኩል ዋጋ ቢጻፍባቸው እንኳ በናሙና ሲሰላ ፈሳሹ አሥር እጥፍ ይወደዳል። ፈሳሹ ብዙ ጊዜ በበረዶ ታሽጎ ስለሚመጣ የሣጥኑና የጭነቱ ክፍያ ለብቻው ይደመርበታል። ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር እስኪደርስ በረዶው ምን እንደሚሆን የግንቦትን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዱቄቱን መንገዱ አያበላሸውም። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር ደግሞ ፕሮፎርማው ወጥቶ የግዥ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ዋጋው ሊለወጥ ይችላል። ትንሽ ትንሽ እየገዙ በየጊዜው ለዚህ መጋለጥ አያዋጣም።

ዱቄቱ የረከሰው ግን በምክንያት ነው። ከከብት ቆሽት ነው የሚወጣው፤ ቆሽት ውስጥ ደግሞ ዲኤንኤዝም አለ። ሳይጸዳ ከተጠቀማችሁበት አርኤንኤውን ከማጥፋት አልፎ የደከማችሁበትን ዲኤንኤ ይበላዋል። መፍትሔው ማፍላት ነው። አርኤንኤዝ ኤ 124 አሚኖ አሲድ ያላት ትንሽ ፕሮቲን ናት፤ አራት የሰልፈር ድልድዮች አጥብቀው ይዘዋታል። በሙቀት ብትፈታም ስትቀዘቅዝ ወደ ቅርጿ ትመለሳለች። ክርስቲያን አንፊንሰን በ1972 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተጋራው በዚችው ኢንዛይም ላይ በሠራው ሥራ ነው፤ ፕሮቲን ቢፈታ እንኳ ቅርጹን ራሱ መልሶ እንደሚያገኝ ያሳየው በእሷ ነበር። ዲኤንኤዝ ዋን ይህ ጥንካሬ የለውም፤ ሲፈላ ይሞታል።

አፈላሉ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዱቄቱን ፒኤች 5.2 በሆነ 10 ሚሊሞላር ሶዲየም አሲቴት አሟሙት፣ በ100 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ያዙት፣ ጠረጴዛ ላይ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ የመጠኑን አንድ አሥረኛ ፒኤች 7.4 የሆነ 1 ሞላር ትሪስ ጨምሩበት። ፒኤቹን አስቀድማችሁ ገለልተኛ አድርጋችሁ ብታፈሉት ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ደግሞ ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ውሃ እዚያ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቲዩቡን ምድጃ ላይ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ከማንሳፈፍ 100 ላይ የተስተካከለ ደረቅ ማሞቂያ ተጠቀሙ።

የሁለቱን አቆራረጥ ማወቅ ደግሞ ከብዙ ኪሳራ ያድናል። ሁለቱም የሚበጥሱት ስኳርና ፎስፌት እየተፈራረቁ የሠሩትን ሰንሰለት ነው። አርኤንኤዝ ኤ ሰንሰለቱን ለመበጠስ ውሃ አያስፈልጋትም፣ እንደ ማግኒዥየም ያለ ብረትም አያስፈልጋትም፤ አርኤንኤው ራሱ በስኳሩ ሁለተኛ ካርቦን ላይ የያዘውን ኦኤች (የኦክሲጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) ነው የምትጠቀመው። 12ኛው ቦታ ላይ ያለው ሂስቲዲን የተባለ አሚኖ አሲድ ከዚያ ኦኤች ፕሮቶን ይወስዳል፤ ኦክሲጅኑ ወደ ጎረቤቱ ፎስፈረስ ይዞራል፤ 119ኛው ሂስቲዲን ለሚለቀው ጫፍ ፕሮቶን ይሰጣል፤ ሰንሰለቱ ከአርኤንኤ ፊደላት ከሲ ወይም ከዩ ቀጥሎ ይበጠሳል። ዲኤንኤ ያንን ኦኤች ስለሌለው አርኤንኤዝ ኤ ልትቆርጠው አትችልም። ዲኤንኤዝ ዋን ግን በማግኒዥየምና በካልሲየም እየታገዘ ውሃን ነው ፎስፈረሱ ላይ የሚልከው። ስለዚህ ብረቶቹን የሚይዘው ኢዲቲኤ ሲገባ ዲኤንኤዝ ይቆማል፣ አርኤንኤዝ ኤ ግን ምንም አትሆንም።

ይህ የገበያውን ማታለያ ለመያዝ ይጠቅማል። ከአንድ አቅራቢ የመጣ «ከዲኤንኤዝ ነፃ» የሚል ፈሳሽ አይቻለሁ፤ መለያ ቁጥሩ ተፍቋል፣ ክዳኑ ላይ የሌላ ጠርሙስ ሙጫ አለ። ከእሱ ጋር ያደረው የቡና ዲኤንኤ ዲኤንኤ በርዝመቱ በሚለይበት ጄል ላይ ከጉድጓዱ እስከ ታች የተለቀለቀ ጭጋግ ሆኖ ነበር። «ከዲኤንኤዝ ነፃ» የተባለ ማንኛውንም የአርኤንኤዝ ግዥ ከመረከባችሁ በፊት ፈትኑት። ጥሩ ዲኤንኤ ከኢንዛይሙ ጋር በ37 ዲግሪ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ ሌላ ቲዩብ ያለ ኢንዛይም አብሮት ይቀመጥ፤ ሁለቱን በ1% አጋሮዝ ጄል ጎን ለጎን አሂዱ። ዋናው ነገር ድብልቁ ማግኒዥየም ያለው ቡፈር ይሁን። ዲኤንኤውን በቲኢ (ትሪስና ኢዲቲኤ ባለበት ማቆያ ፈሳሽ) እንዳለ ከፈተናችሁት ኢዲቲኤው ዲኤንኤዙን አስሮ ይደብቀዋል፤ የተበላሸው ዕቃ ንጹሕ መስሎ ያልፋል፤ በኋላ ዲኤንኤውን ስታባዙ፣ ፒሲአር ላይ ነው የሚያስለቅሳችሁ።

ወደ ዲኤንኤዝ ዋን ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ርካሹ ዱቄት ከዚያው ቆሽት አርኤንኤዝ ይዞ ይመጣል፤ ስታፈሉት የሚሞተው የምትፈልጉት ነው፣ የሚተርፈው ጠላታችሁ ነው። አርኤንኤ ለምትሠሩ ሰዎች እዚህ ላይ ብር መቆጠብ ናሙናን መጣል ነው። ስትጠቀሙበት በቮርቴክስ (በቲዩብ ማንቀጥቀጫው) አትምቱት፣ መናወጥ ይጎዳዋል፤ ቲዩቡን ቀስ አድርጋችሁ ገልብጡት። ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ 5 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ፣ ከዚያ በ75 ዲግሪ 10 ደቂቃ። ኢዲቲኤውን ከዘለላችሁ ማግኒዥየሙ ከሙቀቱ ጋር ሆኖ አርኤንኤውን በዚያው ኦኤች በኩል ይሰባብረዋል።

ዋጋ ስታወዳድሩ «ዩኒት» የሚለውን የኢንዛይም አቅም ቁጥር ብቻ አትመኑ። የኩኒትዝ ዩኒት የሚለካው ዲኤንኤ ሲቆረጥ በሚታየው የብርሃን መምጠጥ ለውጥ ነው፤ ሌሎች አምራቾች ደግሞ በ10 ደቂቃ 1 ማይክሮግራም ዲኤንኤ የሚያጠፋውን መጠን አንድ ዩኒት ይላሉ። 1,000 ከ1,000 ጋር እኩል አይደለም፤ የዩኒቱን ትርጉም በጽሑፍ ጠይቁ። መጠየቂያው ላይ ደግሞ «ዲኤንኤዝ ዋን» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ኮሚቴው በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈውን ነው የሚገዛላችሁ። «ከአርኤንኤዝ ነፃ፣ በ50% ግሊሰሮል፣ ከራሱ ቡፈር ጋር፣ መለያ ቁጥርና የጥራት ምስክር ወረቀት ያለው» ብላችሁ ጻፉ፤ ለአርኤንኤዝ ኤ ደግሞ «ዱቄት፣ 100 ሚሊግራም፣ ከከብት ቆሽት» ይበቃል።